የዘንድሮ ሽንፈት ወግ እንኳ የለውም

ወገኖቼ፣ ዓለም ስትገለበጥ ዳር ይዛችሁ የቀራችሁ የመከራ ባልንጀሮቼ፣ እንደምን ከረማችሁ? እኔ እንደ ዘመኑ ነኝ፤ ማለትም ደኅና አይደለሁም። ዛሬ ዓርብ ግንቦት 1 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ ልደታ ማርያም ናት። አገር ቤት ቢሆን ጎረቤት ተጠራርቶ፣ ንፍሮው ተቀቅሎ፣ ቡናው ደጅ ወጥቶ፣ ሰው ፀሐይ እየሞቀ የሚመራረቅበት ቀን ነበር። እዚህ ሶዌቶ ግን ግንቦት ሲገባ ብርድ ይገባል። ወር ሳይቀር የተገለበጠበት አገር! ንፍሮዬን ብቻዬን ቀቅዬ፣ ካፖርቴን ደርቤ፣ ከሱቄ ባንኮኒ ጀርባ ተቀምጬ የነገውን ጉድ እጠብቃለሁ። ነገ ካይዘር ቺፍስና ኦርላንዶ ፓይሬትስ የኔድባንክ ዋንጫን ፍጻሜ ይጫወታሉ። እኔ የቺፍስ ሰው ነኝ። እዘኑልኝ።

«ጋሼ፣ ፍጻሜ ገብታችሁ ምን ያስለቅስዎታል?» ይለኛል ሱቅ የሚያግዘኝ ልጅ። ልጅ ነው፤ አይፈረድበትም። ከሆሳዕና ከመጣ ጀምሮ ቺፍስ ዋንጫ ሲያነሣ አይቶ አያውቅ፤ ከየት አምጥቶ ይወቀው? የመጨረሻው ዋንጫችን የ2015ቱ የሊግ ዋንጫ ነው። (ዓመቱን በፈረንጅ የምጽፈው ወድጄ አይደለም፤ የኳሱ መዝገብ ሁሉ በነሱ አቆጣጠር ስለሆነ ነው።) ከዚያ ወዲህ አሥር ዓመት ሙሉ ናቱሬና ካለው ግቢያችን አንዲት ኩባያ እንኳ አልገባችም። አሥር ዓመት! በአሥር ዓመት ሰው ይወልዳል፣ ልጁን ያስተምራል፣ የልጁን ማሊያ ይገዛል። ልጁም አድጎ «አባዬ፣ እኔ ሰንዳውንስን ነው የምደግፈው» ይለዋል። በዚህ ሰፈር ስንት ቤት እንዲህ ሆኖ ፈርሷል መሰላችሁ።

መሸነፍማ ያለ ነው፤ ስለ ተሸነፍን አልማረርም። የሚያንገበግበኝ የሽንፈቱ ዓይነት ነው። ድሮ ቺፍስ ሲሸነፍ ወግ ነበረው። ወይ ተጋጣሚው ገናና ነው፣ ወይ ዳኛው ሌባ ነው፣ ወይ ሜዳው ጭቃ ነው። ሰው በክብር ተሸንፎ፣ ዳኛውን በክብር ሰድቦ፣ ቤቱ ይገባ ነበር። ዘንድሮስ? ሜዳው የተስተካከለ፣ ዳኛው ምስኪን፣ ተጋጣሚው ስሙ አፍ የማይሞላ፤ እኛ ግን እንሸነፋለን። በማን ይፈረዳል? በ2019 በዚችው በደርባን፣ ነገ በምንጫወትበት በሞዘስ ማቢዳ ስታዲየም፣ በዚሁ ዋንጫ ፍጻሜ ቲኤስ ጋላክሲ የሚባል ከሁለተኛው ዲቪዚዮን የመጣ ቡድን በባከነ ሰዓት በተገኘች ፍጹም ቅጣት ምት 1 ለ 0 አሰናበተን። ከሁለተኛው ዲቪዚዮን! ስሙም ጋላክሲ። ቡድን ስሙ ከሰፈር፣ ከወንዝ፣ ከጻድቅ ሲወጣ እንጂ ከጠፈር ሲወጣ ማን ሰምቶ ያውቃል?

በ2020 ደግሞ አብዛኛውን ዓመት ሊጉን ስንመራ ከረምን። ማሊያዬን አጥቤ፣ ተኩሼ፣ ሰቅዬ ጠበቅሁ። በመጨረሻዋ ቀን ከባሮካ ጋር 1 ለ 1 ወጣንና ዋንጫውን ለማሜሎዲ ሰንዳውንስ አስረከብን። በ2021 እስከ ካዛብላንካ ሄደን በአፍሪካ ሻምፒዮንስ ሊግ ፍጻሜ በግብጹ አል አህሊ 3 ለ 0 ተሸነፍን፤ ይህን ግን አልቆጥረውም፤ አል አህሊ ነው፣ ወግ ያለው ሽንፈት ነው። ዓምና አሥረኛ ወጣን። አሥረኛ! ያን ሰሞን መብራት በፈረቃ ይጠፋ ስለነበር ግማሹን ጨዋታ ሳናየው እናልፍ ነበር፤ ለካ ጸጋ ኖሯል። ዘንድሮ መብራቱ ተሻሻለና ሁሉንም ለማየት ተገደድን። በ16 ክለቦች ሊግ ውስጥ ከመጀመሪያዎቹ ስምንት ውስጥ ለመግባት እንንፏቀቃለን። ፓይሬትስ በሊጉ ሁለቴ ገጠመን፣ ሁለቴም ረታን፤ ሁለተኛዋ ገና ባለፈው ቅዳሜ ናት፣ 2 ለ 1። ቁስሉ ሳይደርቅ እነሆ ነገ ደግሞ።

«ግን እኮ በግማሽ ፍጻሜው ሰንዳውንስን በሜዳው አሸንፋችኋል» የሚሉ አሉ። አዎን፣ ሚያዝያ ላይ ፕሪቶሪያ ሎፍተስ ድረስ ሄደን፣ ሊጉን ሰባት ዓመት በተከታታይ የበላውን ሰንዳውንስን 2 ለ 1 አሸነፍን። ጎሎቹም፦ ዱባ አንድ፣ ዱ ፕሪዝ አንድ። እኔ ያን ቀን ነው የፈራሁት። እግዚአብሔር ደጉን ያሳየህ ክፉውን አጣፍጦ ሊያመጣብህ ነው። ሰንዳውንስ ቢያሸንፈን ኖሮ ዛሬ ሰላም ነበርሁ፤ ንፍሮዬን በልቼ እተኛ ነበር።

ደግሞስ ይህ ደርባን ምንድነው? ፍረዱኝ እስቲ። ፓይሬትስ በ1937 የተወለደው እዚሁ ኦርላንዶ ነው። ቺፍስም በ1970 የተወለደው እዚሁ ፔፌኒ ነው። አንዱ ቤት ወጥ ሲወጠወጥ ሌላው ቤት ይሸታል። ከሶዌቶ ጫፍ ከ94 ሺህ ሰው በላይ የሚይዝ የኤፍ ኤን ቢ ስታዲየም ተገትሯል፤ ኦርላንዶ ስታዲየምም አለ። ሁለቱን ጎረቤታሞች ጠርተው «ጠባችሁን ባሕር ዳር ሄዳችሁ ጨርሱ» ብለው ወደ 570 ኪሎ ሜትር ይነዷቸዋል! የጎረቤት ጠብ በሰፈር ሽማግሌ ፊት ነው የሚያምረው። ደጋፊውም ሌሊቱን በታክሲና በአውቶቡስ ተጭኖ፣ ኮታ የሚሉትን ሳንዱች በላስቲክ ቋጥሮ፣ የድራከንስበርግን ብርድ አቋርጦ ይሄዳል። ኮታውም ቢሆን የድሮው ኮታ አይደለም። ድሮ ሩብ ዳቦ፣ ድንች፣ ቁራጭ ፖሎኒ፣ አቻር፤ በቃ። ዛሬ አይብ ይጨምሩበታል፣ ቋሊማ ይጨምሩበታል፣ እንቁላል ይጨምሩበታል፤ አንዱን ለመጨረስ ግማሽ ጨዋታ ይፈጃል። እኔም በልቼው የማልጨርሰው ቀን አለ።

ስለ ተጨዋቾቹ ልናገር ወይስ ይቅር? እናገራለሁ። የዛሬ ተጨዋች ሜዳ የሚገባው ፀጉሩን ለማሳየት ነው። ጎኑን ተላጭቶ፣ አናቱን ቀለም ነክሮ፣ ጆሮው ላይ ጌጥ ሰክቶ። ድሮ ኳስ ተጨዋች ለፀጉሩ ጊዜ አልነበረውም። ካይዘር ሞታውንግን ተመልከቱት፤ ፎቶውን ሱቄ ውስጥ ሰቅዬዋለሁ። ያ አፍሮ! እንዴት ያለ አፍሮ ነው እናንተ! ተበጥሮ፣ ተስተካክሎ፣ ግርማ ሞገሱ ከሩቅ የሚታይ። ያ ሁሉ ቡድን ሱፉ፣ ጫማው፣ አለባበሱ ሌላ ነበር፤ ሰፈሩ «የፔፌኒ ግላመር ቦይስ» የሚላቸው በከንቱ አይደለም። ይህ ነው ቁም ነገረኛ ተጨዋች ማለት።

የገንዘቡ ነገርማ አይነሣ። ዛሬ አንድ ልጅ ሁለት ጎል አግብቶ ወኪል ይቀጥራል፣ በሦስተኛው ባሕር ማዶ ነው። ታማኝነት የሚባል ቃል ከኳስ ሜዳ ጠፍቷል። ካይዘር ሞታውንግ ግን የኦርላንዶ ፓይሬትስ ልጅ ሆኖ አድጎ፣ በ1968 አሜሪካ አትላንታ ቺፍስ ገብቶ፣ እዚያ ዋንጫ አንሥቶ፣ ተመልሶ መጥቶ የራሱን ቡድን አቋቁሞ የድሮ ክለቡን የዘላለም ባላንጣ አደረገው። እንዲህ ነው እንጂ ፍቅር! አገር ወዳድነቱንም እዩ። የዛሬ የሶዌቶ ልጅ የራሱን ምልክት ንቆ የእንግሊዝ ክለብ ማሊያ ለብሶ ይዞራል፤ እኛ ግን ደረታችን ላይ የራሳችን ምልክት አለን፦ ላባ የሰካ የቀይ ሕንድ አለቃ፣ ከአትላንታ የመጣ።

ኤስ ንትሶኤሌንጎኤ የሚባል ተጨዋች ነበር። እሱን እኔ በዓይኔ አላየሁትም፤ ግን ካየኋቸው ሁሉ ይበልጣል። ዶክተር ኩማሎን ደግሞ አይቼዋለሁ፤ ኳሷን እግሩ ላይ አቁሞ ሲያስብ ስታዲየሙ በሙሉ አብሮት ያስብ ነበር። የዛሬ ልጆች ኳስ ሳይደርሳቸው ነው የሚሮጡት። ወዴት? ማን ጠራቸው? ጆሞ ሶኖ፣ የፓይሬትስ ሰው ቢሆንም እውነት እውነት ነውና፣ በሠርጉ ቀን ቡድኑ እየተመራ መሆኑን ሰምቶ ሙሽራዋን ትቶ ሜዳ ገብቶ ጨዋታውን ገለበጠው ይባላል። የዛሬ ተጨዋች ቢሆን የሠርጉን ፎቶ ለመለጠፍ ሜዳውን ጥሎ ይሄዳል። ሙሽራዋ ያን ቀን ምን እንዳለች የነገረኝ የለም፤ ደስ እንዳላት ግን አልጠራጠርም። የድሮ ሙሽራ ናታ።

ደግሞ አሰልጣኝ። ጎበዝ፣ ትዕግሥት የሚባል ነገር የት ሄደ? ባክስተር በ2015 ዋንጫውን ይዞልን ከወጣ ወዲህ ስቲቭ ኮምፔላ መጣ፣ ሄደ። ሶሊናስ መጣ፣ ሄደ። ሚድንዶርፕ፣ ጋቪን ሀንት፣ እንደገና ባክስተር ራሱ፣ አርተር ዝዋኔ፣ ንትሴኪ፣ ካቪን ጆንሰን፤ ከዚያም ቱኒዚያዊው ናስረዲን ናቢ። ሰው በየዓመቱ አሰልጣኝ እየቀያየረ እንዴት ቡድን ይሠራል? እኔ ሁሉንም ታግሻለሁ። «ይባረር» ያልሁት እያንዳንዱን ቢያንስ ሦስት ጨዋታ ካየሁት በኋላ ነው። ሁልጊዜም እላለሁ፤ የውጭ አሰልጣኝ የሰፈሩን ነፍስ አያውቅም፣ የራሳችንን ሰው ነው መሾም ያለብን። የራሳችንን ሰው ሲሾሙ ደግሞ ልምድ የለውም። ባክስተር ፈረንጅ ነው ትሉኝ ይሆናል። ባክስተር ሁለት ጊዜ ሊግ አንሥቷል፤ ሁለት ሊግ ያነሣ ሰው ፈረንጅ አይባልም፤ የሰፈር ልጅ ነው።

ሜዳ መግባት ድሮ ነበር። ሰው በሰው ላይ፣ ትከሻ ለትከሻ፣ ትንፋሽ ለትንፋሽ። ቩቩዜላውን የሚነፋው፣ ማካራፓውን ያጠለቀው ሁሉ። ማካራፓ የማታውቁ እንደሆን የማዕድን ሠራተኛ ቆብ ነው፤ አልፍሬድ ባሎዪ የተባለ የቺፍስ ደጋፊ ቆርጦና ቀለም ቀብቶ የዘውድ ያህል አደረገው። ቩቩዜላንም የፈጠርሁት እኔ ነኝ የሚለው ፍሬዲ ማኬ የቺፍስ ደጋፊ ነው። እንግዲህ «ቺፍስ ለዓለም ምን አበረከተ?» የሚለኝ ሰው ካለ ይኸው፦ ቆብና ጩኸት። ዋንጫው ቢቀርስ!

ስለ ሕዝቡ ብዛት ሳወራ ግን አንድ ነገር ላይ ቀልዴን አቆማለሁ። በ1991 ኦርክኒ ላይ ቺፍስና ፓይሬትስ ሲጫወቱ 42 ሰው ሞተ። በሚያዝያ 2001 እዚሁ ጆሐንስበርግ ኤሊስ ፓርክ፣ እነዚሁ ሁለቱ ሲጫወቱ፣ ከልክ በላይ ሰው ተጋፍቶ 43 ሰው ሞተ። ኳስ ሊያይ ወጥቶ ያልተመለሰ ሰው ያለበት ቤት እዚህ ሰፈር ዛሬም አለ። ነፍሳቸውን ይማር።

ዛሬ ደግሞ ሌላ ጣጣ አምጥተዋል፤ ወንበርህ ቁጥር አለው! በስልክ ትኬት ግዛ፣ በዚህ በር ግባ፣ እዚህ ረድፍ፣ እዚች ቁጥር ላይ ተቀመጥ። እዚያ በር ላይ ዘበኛ፣ እዚህ በር ላይ ፍተሻ። ኳስ ልመለከት ነው የመጣሁት ወይስ ቪዛ ልጠይቅ? ሰው እንደ ልቡ ገብቶ እንደ ልቡ የሚቆምበት ዘመን ቀረ።

የአዲስ አበባ ስታዲየምን የምታስታውሱ ትፈርዱልኛላችሁ። ካታንጋ፣ ሚስማር ተራ፣ ዳፍ ትራክ፣ ከማን አንሼ፣ ጥላ ፎቅ፤ ስም እንኳ ሲወጣለት እንዲህ ነበር፣ ቁጥር አይደለም። እኔ የቅዱስ ጊዮርጊስ ደጋፊ ነበርሁ፣ ካታንጋ ነበር ቦታዬ። ከጠዋት ጀምሮ ተሰልፈን፣ በፀሐይ ተቃጥለን፣ በዝናብ ርሰን፣ በፖሊስ ዱላ ተባርከን ነው የምንገባው። ዝናቡ ራሱ ሞቃት ነበር። ድንጋይ ቢወረወር እንኳ በፍቅር ነው፤ አንዱ ግንባሬ ላይ ያረፈ ምልክቱ ዛሬም አለ፣ ስነካው ናፍቆት ይሰማኛል። በኋላ ብሔራዊ ቡድናችን የሜዳውን ጨዋታ በሰው አገር እንዲጫወት ተፈረደበት፤ የእኛ ሜዳ ደረጃውን አያሟላም አሉ። የድሮው ሜዳ ምን ጎደለው? ሣር? ሣሩ መቼ ነበረና!

በ1980 ዓ.ም. የሴካፋን ዋንጫ አዲስ አበባ ላይ ዚምባብዌን በፍጹም ቅጣት ምት አሸንፈን ስንወስድ፣ ደምሴ ዳምጤ በሬዲዮ ሲያስተላልፍ የሰማ ሰው ከዚያ ወዲህ ቴሌቪዥን ምን ያደርግለታል? ሰፈሩ በሙሉ በአንድ ሬዲዮ ዙሪያ፣ ባትሪው ሲደክም በፀሐይ እየተሞቀ። ኳሷን ማንም አላየም፤ ሁሉም ግን አይቷታል። ዛሬ ሱቅ የሚያግዘኝ ልጅ በአንድ እጁ ስልክ ይዞ የእንግሊዝን ጨዋታ ያያል፣ በሌላው ሸቀጥ ይመዝናል፣ ጎል ሲገባ የሚነግረው ስልኩ ነው፤ ጎሉ ገብቶ ሳያበቃ ደግሞ ማየት ይፈልጋል። አንድ ጊዜ ያየኸውን ደግመህ ምን ያሳይሃል? ደግሞ ጎል ገብቶ፣ ተጨፍሮ፣ ተቃቅፎ፣ ከዚያ ዳኛው ጆሮውን ይዞ ይቆማል። ቫር! መስመር ያሰምራሉ፣ ብብት ይለካሉ፣ ጎሉን ይመልሱታል። ሰው ደስታውን መልስ ይባላል? ኳስን የገደለው ይህ ማሽን ነው። እኛስ ሊግ ውስጥ እስካሁን ቫር ያላስገቡት ምን ይሁን ብለው ነው? ባለፈው ቅዳሜ ቫር ቢኖር ኖሮ አንደኛው ጎላቸው ይሻርልን ነበር። ኋላቀሮች!

ከሁሉ የሚብሰው ውርርዱ ነው። ወጣቱ ሁሉ ኳስ ማየት ትቶ በስልኩ ኮርነር ይቆጥራል። ማን ያሸንፋል ብሎ መወራረድ እንኳ ቀርቷል፤ በስንተኛው ደቂቃ ቢጫ ይወጣል፣ እጅ ውርወራ ስንት ይሆናል ይላል። ይህ ልጅ፣ እኔ ደመወዙን የምከፍለው ልጅ፣ በገዛ ገንዘቤ ነገ ፓይሬትስ ያሸንፋል ብሎ አስይዟል! «ለምን?» ብለው «ጋሼ፣ እርስዎ እኮ ነዎት ሳምንቱን ሙሉ ያሳመኑኝ» አለኝ። የዛሬ ልጅ መልስ አያጣም። ውርርድ ኀጢአት መሆኑን ቁጭ አድርጌ መከርሁት። እኔና ከማዶ ያለው የፓይሬትስ ሽማግሌ ያለን ነገር ውርርድ አይባልም፤ የጨዋ ሰዎች ቃል ኪዳን ነው። ቺፍስ ከተሸነፈ እኔ ሰኞን ሙሉ ቀን የፓይሬትስን ጥቁር ማሊያ፣ ያን የራስ ቅልና አጥንት ያለበትን፣ ለብሼ ሱቅ እውላለሁ። እነሱ ከተሸነፉ እሱ የኛን ቢጫ ለብሶ መንገዱን ይጠርግልኛል። አንድ ካርቶን ለስላሳም አለበት፤ ይህ ግን የጨዋታ ነው።

ይህ ሽማግሌ ጥሩ ሰው ነው፤ ጥፋቱ ክለቡ ነው። የሰፈሩ ልጆች ሁሉ እኔን «ማይ ፍሬንድ» ሲሉኝ እሱ «ባባ» ይለኛል። ክርክራችን ግን አያድርስ ነው። በ1995 የአፍሪካን የክለቦች ዋንጫ አቢጃን ድረስ ሄደው አሴክ ሚሞዛን አሸንፈው ማምጣታቸውን ማታ ማታ ያነሣብኛል። እኔም ዝም አልልም፤ «እናንተ ኳስ ሳትፈቀዱ ማን ነበር የተሟገተላችሁ?» እለዋለሁ። በ1957 የመጀመሪያው የአፍሪካ ዋንጫ ካርቱም ላይ ሲደረግ የያኔው የደቡብ አፍሪካ መንግሥት ጥቁርና ነጭ አቀላቅዬ አላሰልፍም አለ፤ ተባረረ፤ ከዚያም የአህጉሩ ኳስ በር ተዘጋበት። ይድነቃቸው ተሰማ ከ1972 እስከ 1987 ሲሞት ድረስ ካፍን ሲመራ ያ በር እንዳይከፈት ጠብቆ ያዘ። በሩ የተከፈተው በ1992 ነው፤ በ1996ም ባፋና ባፋና እዚሁ ኤፍ ኤን ቢ ሜዳ ላይ የአፍሪካን ዋንጫ ሲያነሣ ይድነቃቸው በሕይወት አልነበረም። ይህን ስነግረው ሽማግሌው ቆቡን ያነሣል። ቀጥዬ በ1957 ኢትዮጵያ ከደቡብ አፍሪካ ጋር ደርሷት ስለነበር ሳትጫወት በቀጥታ ፍጻሜ መግባቷን እነግረዋለሁ። የድሮ ኳስ ማለት ይህ ነው፤ ያለ ድካም፣ ያለ ጉዳት፣ ፍጻሜ! ፍጻሜውን ግብጽ 4 ለ 0 አሸነፈን፤ እሱ ሌላ ወሬ ነው።

ፍቅሩ ተፈራ የፓይሬትስን ማሊያ ለብሶ የተጫወተ ጊዜ ግን ሽማግሌው ሰነፍ አልነበረም፤ «ወገንህ የኛ ነው» ብሎ ሳምንት ሙሉ ፎከረብኝ። ፍቅሩን ይቅር አልሁት፤ የአገር ልጅ ነው። ጌታነህ ከበደም ቢድቬስት ዊትስ ነበር የገባው። ሁሉ ቦታ ገቡ፤ ለቺፍስ የደረሰ የለም። በ2013 ብሔራዊ ቡድናችን ከ31 ዓመት በኋላ ለአፍሪካ ዋንጫ እዚህ ሲመጣ ኔልስፕሩት ድረስ ሄደን ስታዲየሙን አረንጓዴ ቢጫ ቀይ ያለበስነው እኛ ነን። የዛሬ ደጋፊ ሥርዓት የለውም፤ እኛ ግን ያን ቀን በፍጹም ጨዋነት ደገፍን። በረኛችን ጀማል ጣሰው በቀይ ሲወጣ ቩቩዜላው ብቻ ከእጃችን እያመለጠ ሜዳ ገባ፤ ጨዋታውም ትንሽ ቆመ። በጎዶሎ ተጫውተን፣ አዳነ ግርማ አግብቶ፣ ከዛምቢያ 1 ለ 1 ወጣን። ከዚያ በኋላ የነበሩትን ሁለት ጨዋታዎች የሚያስታውስ ሰው ክፉ ሰው ነው።

ክለብም እንደ ሱቅ ይሸጣል ዛሬ። ሞሮካ ስዋሎስ፣ በ1947 የተመሠረተ፣ ከሦስቱ የሶዌቶ አንጋፋ ክለቦች አንዱ፣ ዓምና የሊግ ቦታውን ለማሩሞ ጋላንትስ ሸጦ ጠፋ። አንድ ቀን ጠዋት ስትነሣ ክለብህ የለም። ይህን የሰማሁ ዕለት፣ በስንት ዘመኔ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ለፓይሬትስ ዕድሜ ለመንሁ። ለማንም እንዳትናገሩ።

የእውነተኛ ደስታ ዘመን የትኛው ነበር ብትሉኝ 2015 ነው። ኧረ ምን ዓይነት ዓመት ነበር! ጥር ላይ ሶዌቶ ውስጥ የውጭ ሰው ሱቅ ሲዘረፍ የኔም ተዘረፈ፤ ስኳሩ፣ ዘይቱ፣ ፍሪጁ፣ በሩ ሳይቀር። ግድግዳውን ብቻ ተዉልኝ። ያን ጊዜ ሽማግሌው ቤቱ ወስዶኝ ሳሎኑ ውስጥ አሳደረኝ፤ የፓይሬትስ ብርድ ልብስ አለበሰኝ፣ ብርዱ ይሻል ነበር። ግን በዚያው ዓመት ሊጉን ወሰድን! በባዶው ሱቅ ውስጥ ጨፈርን፤ መደርደሪያ ስለሌለ ቦታው ሰፊ ነበር። ዛሬ ሱቁ ሞልቷል፣ ፍሪጁ ሁለት ሆኗል፣ ዲሹ ተተክሏል፤ ታዲያ ምን ያደርጋል? አስቡት እስቲ፣ መዝናናት ብሎ ነገር ቀረ።

ስለዚህ ወስኛለሁ፤ ነገ ጨዋታውን አላይም። ለልቤም ለደም ግፊቴም አይበጅም። ቴሌቪዥኑን ባንኮኒው ላይ ያወጣሁት አቧራውን ለማራገፍ ነው። ተጨማሪ ገመድ የገዛሁት መብራት ቢጠፋ ከጎረቤቱ ጄኔሬተር ለመቀጠል ነው፤ ይኸውም ፍሪጁ እንዳይቆም። ማሊያዬን ያጠብሁት ስለቆሸሸ ነው። ወንበሮቹ እዚያ ያሉት ሌላ ቦታ ስለሌላቸው ነው። ሶዌቶና ጆሐንስበርግ ያላችሁ፣ ከጂፒ ሰፈር የምትመጡም፣ ነገ ከሰዓት ብቅ ካላችሁ በሩ ክፍት ነው፤ ከፊቴ ግን አትቀመጡ፣ ሲያጠቁብን አታውሩ፣ ስልካችሁ ቀድሞ ጎል ከነገራችሁ አፋችሁን ያዙ።

ውጤቱን ከወዲሁ ልንገራችሁና ተገላገሉ፦ ፓይሬትስ 3፣ ቺፍስ 0። ሰኞ ጥቁር ማሊያ ለብሼ ብታገኙኝ ምንም አትጠይቁኝ፤ የምትፈልጉትን ገዝታችሁ፣ መልሳችሁን ቆጥራችሁ ሂዱ።